ለላይብረሪ ማስተርስ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ መደርደሪያ ይኑራችሁ

«መጽሐፍ ለመጠበቅ ማስተርስ ያስፈልጋል እንዴ?» ይህን ስንት ሰው እንደጠየቀኝ ቆጥሬው አላውቅም። ጎረቤት ጠይቆኛል፣ የሥራ ባልደረባ ጠይቆኛል፣ እናቴም ጠይቃኛለች። የእናቴ ጥያቄ የክፋት አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ስታዲየም፣ ከዚያም ሌላ ታክሲ እየያዝኩ የምሄድበት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ነው። ያኔ የሚያጠግባት መልስ አልሰጠኋትም። እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር። ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ላይብረሪ ውስጥ እየሠራችሁ ወይም በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተመርቃችሁ «ማስተርሱን ልማር ወይስ ይቅርብኝ?» እያላችሁ ለምታወጡ ለምታወርዱ ይህን ጻፍኩ።

ዋናውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ማስተርሱ በደንብ የሚጠቅማችሁ ከምትሠሩበት ላይብረሪ አንድ ችግር ይዛችሁ ስትገቡ ነው። ባዶ እጃችሁን ብትገቡም ኮርሱን ታልፋላችሁ፣ ጋዋን ትለብሳላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ። ሥራ ፍለጋ ስትወጡ ግን «ይህን ሠርቻለሁ» ብላችሁ የምታሳዩት ነገር ታጣላችሁ። እኔ ችግሩን ይዤ የገባሁት አስቤበት አይደለም፤ የምሠራበት ክፍል ነው ያሸከመኝ።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን የተማርኩት ክፍለ ሀገር ነው። ኢንፎርሜሽን ሳይንስን አልመረጥኩትም፣ ደረሰኝ። ተመርቄ ስመለስ ቤተሰቦቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብተው ነበር፤ በ2009 እዚያው አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ተቀጠርኩ። ላይብረሪው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። የብረት መደርደሪያዎች፣ ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ አንድ ትልቅ መዝገብ፣ ወደ 3000 የሚጠጋ መጽሐፍ። ግማሹ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ቀሪው በእርዳታ የመጣ እንግሊዝኛና በየጊዜው የተገዛ አማርኛ ልብ ወለድ፣ ታሪክና አጋዥ መጽሐፍ ነበር። ተማሪው መታወቂያውን ይሰጠኛል፣ መጽሐፉን ይወስዳል፣ ሲመልስ መታወቂያውን ይቀበላል። አሠራሩ ይኸው ነው።

በ2010 ታይፎይድ አሞኝ አንድ ሳምንት ቀረሁ። ስመለስ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በር ላይ ጠበቀኝ። የባዮሎጂ አጋዥ መጽሐፍ ሦስት ቀን ሙሉ ሲፈልግ ከርሟል። ቁልፉን ይዘው የነበሩት መምህር አብረውት ፈልገው አጥተዋል። እኔ ገብቼ ከሁለተኛው መደርደሪያ፣ ከ9ኛ ክፍል ሒሳብ ጀርባ አውጥቼ ሰጠሁት። ልጁ አመስግኖኝ ሄደ፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከበደኝ። ያ ሁሉ መጽሐፍ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው የእኔ ጭንቅላት ብቻ ነበር። ካታሎጉ እኔ ነበርኩ። እኔ ስታመም ላይብረሪውም አብሮኝ ይታመማል ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ለድኅረ ምረቃ ማመልከት ጀመርኩ።

ስለ መግቢያው ብዙ አላወራም። እኔ ስገባ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ይፈትን ነበር፣ አሁን ግን ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ከተመረቃችሁ ከቆያችሁ የሒሳቡና የእንግሊዝኛው ክፍል ያስቸግራችኋል፤ ቢያንስ ሁለት ወር በየማታው ተለማመዱ። ክፍያን በተመለከተ መሥሪያ ቤታችሁ ስፖንሰር ካደረጋችሁ እሰየው፣ ግን ውሉን አንብቡ፤ ከተመረቃችሁ በኋላ የተወሰነ ዓመት እዚያው የማገልገል ግዴታ ይኖርበታል። እኔ ያመለከትኩበት ቢሮ ደብዳቤዬን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲያዞረው ምዝገባው ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀረው። ዕቁባችንን የሚሰበስቡት እትዬ ችግሬን ሰምተው ተራዬን ባያስቀድሙልኝ ኖሮ ያን ዓመት አልማርም ነበር። የስፖንሰር ጉዳይ ካላችሁ ሐምሌን አትጠብቁ፣ የካቲት ላይ ጀምሩት።

አሁን ወደ ትልቁ ድንጋጤ ልምጣ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የጠበቅኩት ስለ ካታሎግ፣ ስለ መጽሐፍ አመዳደብ፣ ስለ አንባቢ አገልግሎት እንማራለን ብዬ ነበር። የገጠመኝ ዳታቤዝ፣ ፕሮግራሚንግ፣ ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ ነው። አብረውኝ ከገቡት አንዳንዶቹ «ተሸወድን» ብለው በሁለተኛው ወር ትተው ሄዱ። የሄዱት ሰነፍ ሆነው አይደለም፤ የሚመዘገቡበትን ነገር ቀድሞ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን በዚህ ሙያ የማስተርስ ትምህርት ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሳው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1990 እ.ኤ.አ. ለመላው አፍሪካ ታስቦ የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ነው፤ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከልና ዩኔስኮ ደግፈውታል። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ሁሉን ነገር ሲወርስ ሙያውም አብሮ ተጓዘ። ጅማን ጨምሮ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ዘርፉን ከፈቱ። ዛሬ «ኢንፎርሜሽን ሳይንስ» በሚል ስም የምታገኙት ትምህርት በብዙ ቦታ ከመደርደሪያው ይልቅ ወደ ማሽኑ ያደላል። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የፍለጋ ዘዴ የሚሠሩ፣ የቃላትን ሥር የሚለዩ፣ ጽሑፍን በራሱ የሚመድቡ ፕሮግራሞች የመመረቂያ ጽሑፍ ሆነው ታያላችሁ። ይህ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ዲፓርትመንቱ ሄዳችሁ የኮርሶቹን ዝርዝር ለምናችሁም ቢሆን አግኙ። ስንቱ ስለ መረጃ አደራጃጀት ነው? ስንቱ ስለ ቤተ መዛግብትና ስለ ሰነድ አያያዝ ነው? ስንቱ ፕሮግራሚንግ ነው? እነዚህን ቁጠሩና ወስኑ። የዲግሪው ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

እኔ ለምን አልተውኩም? መጀመሪያ የያዘኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን ሕንዳዊው ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. ያሰፈራቸውን አምስት የላይብረሪ ሕጎች ሲያስተምሩ አራተኛው ላይ ደረሱ፤ የአንባቢውን ጊዜ ቆጥብ ይላል። ያ ባዮሎጂ ፈላጊ ልጅ ፊቴ ላይ መጣ። ሦስት ቀን! ለፈተና በሚዘጋጅበት ሰዓት ሦስት ቀን አቃጥዬበታለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚሰጠኝን ኮርስ ሁሉ «ይህ ለእኔ መደርደሪያ ምን ይሠራል?» እያልኩ መማር ጀመርኩ። ዳታቤዝ ለመዝገቤ መፍትሔ ሆነ። ስታቲስቲክስ የትኛው መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንደሚወጣ ለመቁጠር ጠቀመኝ። ክፍል ውስጥ ምሳሌ ስንጠየቅ ሌላው ከመጽሐፍ ሲጠቅስ እኔ ከቱሉ ዲምቱ እጠቅስ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርቴ ከዩኒቨርሲቲው ክፍል ውጪ ነው የተገኘው፤ ስለ እሱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራ። ለተግባር ልምምድ አንድ ትልቅ ላይብረሪ ውስጥ ስድስት ሳምንት ተመደብኩ። የካታሎግ ክፍሉን የሚመሩት ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ጊዜ የቀራቸው አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ካርድ ካታሎግ በታይፕራይተር ሲመታ ከነበረበት ዘመን ጀምረው የሠሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን የሰጠኋቸውን ሥራ አይተው «ልጄ፣ የሰው ስም አትገልብጪ» አሉኝ።

የፈረንጅ ደራሲ ሲመዘገብ የቤተሰብ ስሙ ይቀድማል፤ መማሪያ መጽሐፉም ሶፍትዌሩም የተሠራው በዚያ ልማድ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሁለተኛው የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። አበበ ከበደን «ከበደ፣ አበበ» ብዬ ካስገባሁ የልጁን መጽሐፍ ለአባቱ ሰጠሁት ማለት ነው፤ አንባቢውም አበበ ብሎ ፈልጎ ያጣዋል። ዓለም አቀፉ የካታሎግ ደንብም ይህን ያውቃል፣ የኢትዮጵያ ስም በራሱ ስም ይግባ ይላል። ላይብረሪዎች መጽሐፍ በሚመዘግቡበት፣ ማርክ በሚባለው የመረጃ ቅርጽ፣ የደራሲው ስም በሚገባበት 100 ቁጥር በተሰጠው መስክ ላይ መጀመሪያ የሚሞላ አንድ ቁጥር አለ። 1 ከሞላችሁ «ይህ ሰው በቤተሰብ ስሙ ይጠራል» ማለት ነው፤ 0 ከሞላችሁ በራሱ ስም። ለእኛ ሰው 0 ነው። ይህቺን አንዲት ቁጥር ማንም ክፍል ውስጥ አልነገረኝም። ከውጭ በተቀዳ መዝገብ ላይ ስሞቻችን ተገልብጠው ስታዩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ አስተካክሏቸው።

ጋሼ ሌላም አስተምረውኛል፤ ዓመተ ምሕረትን። መጽሐፉ ላይ 1998 ተብሎ ታትሟል። የእኛ ከሆነ በፈረንጁ 2005 ወይም 2006 ነው። ዝም ብዬ 1998 ብዬ ካስገባሁት መጽሐፉ በሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል፤ በዓመት ቅደም ተከተል የሚፈልግ ተመራማሪም ይሳሳታል። ስለዚህ እሳቸው መጽሐፉ ላይ ያለውን እንዳለ ጽፈው አጠገቡ በቅንፍ የፈረንጁን ያስቀምጣሉ። የታተመበት ወር ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት ይጽፋሉ። ሲበዛ ጥንቁቅ ነበሩ፣ ለእኔም ያ ጥንቃቄ ተጋባብኝ።

ከልምምዱ ስመለስ መደርደሪያዬን በዴዊ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ርዕሰ ጉዳይ ቁጥር በሚሰጠው ዘዴ፣ መመደብ ጀመርኩ። የዴዊ አመዳደብ መጀመሪያ የታተመው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዓለምን የሚያየውም ከአሜሪካ ላይብረሪ ሆኖ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። አማርኛ ቋንቋ 492.87፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87። የእኛ ላይብረሪ ውስጥ ግን በጣም የሚነበበው አማርኛ ልብ ወለድ ስለሆነ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ አንድ ቁጥር ላይ ተከመረብኝ። ከቁጥሩ በኋላ የደራሲውን የመጀመሪያ ፊደላት ጨምሬ በሀ ሁ ቅደም ተከተል ደረደርኩት። እዚያ ላይ የፊደላችን ነገር መጣ። አንዱ አሳታሚ የደራሲውን ስም በሀ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሐ። በፊደል ቅደም ተከተል በመሀላቸው ለ አለ። የአንድ ሰው መጻሕፍት ሁለት ቦታ ተለያዩ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ የተወለደው ከዚህ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ድምፁ ሳይቀየር በ12 ዓይነት ልጽፈው እችላለሁ፤ ጸ እና ፀ ሁለት፣ ከዚያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት። ተማሪ «ጸሀይ» ብሎ ሲፈልግ ካታሎጉ ውስጥ ያለው «ፀሐይ» ከሆነ ኮምፒውተሩ የለም ይለዋል። መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል! ኮሌጅም ሆነ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስንቱ ተማሪ በዚህ ምክንያት ባዶ እጁን እንደሚመለስ አስቡት።

በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ሁሉም ትምህርት ቤት ተዘጋ። ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። የክፍል ጓደኞቼ መጠይቅ የሚያስሞሉት ሰው አጥተው ሥራቸው ቆመ፤ አንዳንዱ እስከነጭራሹ ቀረ። እኔ የምሠራባቸው መጻሕፍት ግን እዚያው ከቤቴ አጠገብ ነበሩ። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ቁልፉን ወሰድኩ። ጭንብሌን አድርጌ ብቻዬን እገባለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ በቀን ሃያም ሃያ አምስትም መጽሐፍ እመዘግባለሁ። ከቤቴ በእግሬ አሥር ደቂቃ ነው። ጥቅምት 2013 ትምህርት ሊከፈት ሲል የላይብረሪው መጽሐፍ ከሞላ ጎደል ገብቶ ነበር። «አንድ መደርደሪያ ይኑራችሁ» የምለው ለዚህም ጭምር ነው። ማንም የማይዘጋባችሁ፣ ደብዳቤ የማያስጽፋችሁ፣ ስትፈልጉ የምትሄዱበት የጥናት ቦታ ይኖራችኋል። የራሳችሁ ላይብረሪ ከሌላችሁ የሰፈር ትምህርት ቤት፣ የወረዳ ወጣት ማዕከል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ሄዳችሁ «መጽሐፋችሁን ላደራጅላችሁ» በሉ። እምቢ የሚል ቦታ እስካሁን አላጋጠመኝም።

መጽሐፎቹን ስለመዘገብኩበት ሶፍትዌር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው በገንዘብ የሚገዛ ይመስለዋል። የተጠቀምኩት ኮሃ የሚባለውን ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንድ የገጠር ላይብረሪ የተሠራ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አቧራ የጠጣ ዴስክቶፕ ነበር፤ 4 ጊጋ ራም ያለው። ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩበት፣ ኮሃን በላዩ ላይ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለመጫን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በውስጥ ኬብል ይሠራል። መብራት ግን ፈተና ነው። መሀል ላይ ሲጠፋ ዳታው ሊበላሽ ይችላል፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዩፒኤስ አግኙ፣ ካጣችሁም በየቀኑ ከመውጣታችሁ በፊት ባክአፕ በፍላሽ ያዙ፣ ፍላሹን ደግሞ እዚያው አትተዉት፣ ቤታችሁ ውሰዱት። ይህን ያወቅኩት የአንድ ሳምንት ሥራ ካጠፋሁ በኋላ ነው።

የፊደሉን ችግርም እዚያው ኮሃ ውስጥ ነው የፈታሁት። ፍለጋውን የሚሠራለት ዜብራ የሚባል ነገር አለ። እሱ ዝም ካላችሁት የላቲን ፊደል ነው የሚገባው። አይሲዩ የሚባለውን አማራጭ ስትመርጡለት የእኛንም ፊደል ያስተናግዳል፤ አንድ ፋይል ውስጥም «ሐንም ኀንም እንደ ሀ ቁጠር፣ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ» የሚል ሕግ መጻፍ ትችላላችሁ። ለሁሉም ቤት፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ አንድ በአንድ መጻፍ አለበት። ሃን ወደ ሀ፣ ዓን ወደ አ ማምጣትም አትርሱ። ከዚያ ማውጫውን እንደገና ታስገነባላችሁ። መዝገቡ ውስጥ ያለው ጽሑፍ አይነካም፤ ደራሲው የጻፈው እንደጻፈው ይቆያል። የሚለወጠው ፍለጋው ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ ስንት ፍለጋ መልስ እንዳገኘ ያወዳድራል። ርዕሱ ትንሽ ነው። ግን የራሴ ነው፣ እያንዳንዱን ቁጥር አውቀዋለሁ፣ ዲፌንስ ላይ አንድም ጥያቄ አላስደነገጠኝም።

ከአማካሪ ጋር ስለሚኖር ነገር ግን እውነቱን ልናገር። አራት ወር ሙሉ መልስ ሳላገኝ የቀረሁበት ጊዜ ነበር። 60 ገጽ ምዕራፍ ልኮ መልስ ማጣት ምን ያህል ተስፋ እንደሚያስቆርጥ የደረሰበት ያውቀዋል፤ ማታ ማታ አለቀስኩ። በኋላ መላውን አገኘሁት። ሙሉ ምዕራፍ መላክ ተውኩ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ገጽ፣ መጨረሻ ላይ አዎ ወይም አይ የሚባልበት አንድ ጥያቄ። መልስ መምጣት ጀመረ። መምህራን ብዙ ተማሪ ነው የሚይዙት፤ አጭር ጥያቄ በታክሲ ውስጥ ሆነውም ይመልሱታል። ሌላው፣ የማነበው የምርምር ጽሑፍ አጣሁ ብላችሁ አትቸገሩ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው አገልግሎት ኢትዮጵያን በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ውስጥ ነው የሚያስገባት፤ ዩኒቨርሲቲያችሁ ላይብረሪ ሄዳችሁ መግቢያውን ጠይቁ። የምታነቡትንም ከመጀመሪያው ቀን ዞቴሮ በሚባለው የማጣቀሻ መያዣ ፕሮግራም ላይ ያዙት።

ስለ ሥራ። በ2014 ተመርቄ መጀመሪያ ያመለከትኩበት ቦታ ላይ ወደቅኩ። ቃለ መጠይቅ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ጠረጴዛ ላይ አምስት መጽሐፍ አስቀምጠው፣ ኮምፒውተር ከፍተው «በአንድ ሰዓት ውስጥ መዝግቢያቸው» አሉኝ። አንዱ በግዕዝና በአማርኛ፣ አንዱ በጉባኤ ላይ የቀረቡ ጽሑፎች ጥራዝ፣ አንዱ የተተረጎመ ነበር። ሁለቱን ብቻ ጨረስኩ። በሰባት ወር ወደ 3000 መጽሐፍ የመዘገብኩ ሰው ነኝ፤ ግን የመዘገብኩት ቀላል ቀላሉን ነበር። ቤቴ ተመልሼ ሦስት ወር በየማታው አስቸጋሪ አስቸጋሪውን እየመረጥኩ አምስት አምስት መጽሐፍ በአንድ ሰዓት ለመመዝገብ በሰዓት ራሴን ለካሁ። ለትርጉም ሥራ ዋናውን ደራሲና ተርጓሚውን፣ ለጉባኤ ጥራዝ የጉባኤውን ስም፣ ቦታና ዓመት፣ ሁለት ቋንቋ ላለው ሁለቱንም። ቀጣዩ ቦታ ላይ ተመሳሳይ ፈተና ሰጡኝ፣ ሰዓት ተርፎኝ ወጣሁ። አሁን እዚሁ ዳር ከተማ ባለ አንድ ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሠራው።

ማስታወቂያ ስታነቡ «ላይብረሪያን» የሚለውን ቃል ብቻ አትፈልጉ። ሙያው በብዙ ስም ተደብቋል። መዝገብ ቤትና ሰነድ አያያዝ፣ የዕውቀት አስተዳደር፣ ዲጂታል ማከማቻ፣ የምርምር ዳታ። ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ምርምር ተቋማት ይቀጥራሉ። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት፤ እነዚህ ቦታዎች ላይብረሪና ሰነድ የሚይዝ ሰው አላቸው። እዚያ ለማመልከት በእንግሊዝኛ ጥሩ አድርጎ መጻፍ ይጠይቃል። ፈረንሳይኛ ቢኖራችሁማ ከብዙ ሰው ትቀድማላችሁ። ሲቪያችሁ ላይ «ኮሃ እችላለሁ» ከማለት «ለዚህ ትምህርት ቤት ይህን ያህል መጽሐፍ በኮሃ አስገብቻለሁ፣ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ» ማለት ይበልጣል። ለእኔ በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ የጠየቁኝ ስለዚያ ነው እንጂ ስለ ውጤቴ አንድም አላነሱም።

ቦታዎችንም እየዞራችሁ እዩ። ወመዘክር ሂዱ። በ1936 የተቋቋመ፣ የአገሪቱ ኅትመት በሕግ የሚሰበሰብበት ቤት ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጣችሁ መጽሐፍ እንዴት እንደሚጠየቅና እንዴት እንደሚወጣ ተከታተሉ። በ2014 አራት ኪሎ የተከፈተውን አብርሆትንም እዩ። እኔ አብርሆት የሄድኩት ሕንፃውን ለማየት አልነበረም፤ ሠራተኞቹ ለአንድ ግራ የገባው ልጅ እንዴት መንገድ እንደሚያሳዩት ለማየት ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ።

ከሙያችን ሰዎች ደግሞ የዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ነገር ሁልጊዜ አብሮኝ ነው። አሜሪካ ቴክሳስ ላይብረሪ ሳይንስ ተምሮ ሳን ፍራንሲስኮ በሕፃናት ላይብረሪያንነት ሲሠራ፣ በተለያየ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ግዛ ሲባል በአማርኛ አላገኘም። ያ ክፍተት አላስቀምጥ አለው። አገሩ ተመልሶ በ2003 እ.ኤ.አ. ሾላ የልጆች ላይብረሪ ከፈተ፤ ሐዋሳ አካባቢ ደግሞ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ እያዞረ አስነበበ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጦታል። የእሱም ሥራ የጀመረው ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ካጣት አንዲት መጽሐፍ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት አሁንም ወደ ድሮው ትምህርት ቤቴ እሄዳለሁ። የላይብረሪ ክበብ አቋቁመናል፤ አሥራ አንድ ተማሪዎች አሉ። አዲስ የመጣ መጽሐፍ የሚመዘግቡት እነሱ ናቸው፣ እኔ አያቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የአንድ ደራሲ ስም ተገልብጦ ገብቶ አግኝታ «እትዬ፣ ይሄ እኮ አባቱ ነው» አለችኝ። መዝገቡን ከፍተን አየነው። የሞላሁት እኔ ነበርኩ። 1ን አጥፍታ 0 አስገባችበት። ከመጀመሪያዎቹ ወራት መዝገቦቼ ውስጥ ገና ያላየናቸው መቶ አርባ ያህል ቀርተዋል፤ ከፋሲካ በፊት እንጨርሳቸዋለን። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቂሊንጦ አካባቢ ያላችሁና ከማስተርሱ በፊት እጃችሁን ማፍታታት የምትፈልጉ ቅዳሜ ከ3 ሰዓት ጀምሮ አብራችሁን ሥሩ፣ ወንበርም ሥራም አለ።